የመቀስ ሰማያዊ ቀበቶ

መቀስ ክንዷን በእንግዳዋ አንገት ዙሪያ ጠምጥማ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ያላትን አቅም ሁሉ አሟጥጣ ትጨምቃለች። ከጀርባዋ ተለጥፋባታለች፣ እግሮቿን ወገቧ ላይ ቆልፋለች፤ ሁሉም እንደተማረችው ነው። በዚህ አያያዝ የስንቱን ጎረምሳ ጉራ አስተንፍሳለች። ክሪክ የሚሉት መካኒክ እንኳ፣ ያ መኪና በትከሻው የሚያነሳ የሚመስል ሰውዬ፣ ክንዷ ገና አንገቱን ሲነካው መዳፉን ምንጣፉ ላይ መታ መታ ያደርጋል። የጁ-ጂትሱ ትግል ሕጉ ይኸው ነው፤ የተያዘ ሰው መታ መታ ካደረገ እጅ ሰጠ ማለት ነው፣ የያዘውም ወዲያው ይለቃል።

እንግዳዋ ግን እጅ የመስጠት ነገር ጭራሽ አልታያትም። አልተወራጨችም። ፀጥ ብላ ትተነፍሳለች። ጥቂት ቆይታ፣

“ጀመርሽ እንዴ?” አለች።

ስታሾፍ አልነበረም፣ የምሯን ነው። ሴትዮዋ አዋላጅ ነርስ ነች። ለሥራ ጉዳይ ከሌላ ከተማ መጥታ፣ እስክትመለስ ድረስ ጠዋት ጠዋት እዚህ እንድትለማመድ አሰልጣኙ ጋብዟታል።

“እየጨመቅኩ እኮ ነው” አለች መቀስ እያለከለከች።

“ይሄ አንገት አይደለም የኔ እህት፣ አገጬን ነው የያዝሽው። ምጥ ላይ ያለች ሴት እንኳ ከዚህ አብልጣ ታንቀኛለች።”

ደህና ቀልድ ነበር። ድሮ የእንጨት መጋዘን በነበረው በዚያ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ሳቅ ይፈነዳል። አሁን ግን ማንም አልሳቀም። ከተለማማጆቹ አንዱ የሆነው ታክሲ ነጂ የጣቱን ፕላስተር እንደ አዲስ መጠቅለል ጀመረ። ክሪክ ጣሪያውን ያያል። አሰልጣኙ ጀርባውን ሰጥቶ ያልተዛነፈ ምንጣፍ ያስተካክላል። 

ከዚያ በኋላ የሆነው ቶሎ ቶሎ ነው። አዋላጇ የመቀስን ክንድ ከአንገቷ ላይ እንደ ሻርፕ ገፈፈችው፣ ዞረች፣ ላይዋ ላይ ወጣች። መቀስ መታ መታ አደረገች። እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና መታ መታ አደረገች። አንዴ በክንዷ፣ አንዴ በኮሌታዋ፣ አንዴ በምን እንደተያዘች እንኳ ሳታውቀው። ሴትዮዋ ጉልበት አልተጠቀመችም። ሕፃን ልብስ የምታለብስ ነው የምትመስለው።

“አይዞሽ” አለቻት ሲጨርሱ። “መጀመሪያ አካባቢ ሁሉም እንዲህ ነው። እኔም ስጀምር…”

ዓይኗ መቀስ ወገብ ላይ አረፈ። በግብግቡ መሃል ከልምምድ ኮቷ ስር ገብቶ የነበረው ቀበቶ ወጥቷል፣ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ የጀማሪ ቀበቶ አይደለም። አዋላጇ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ውሃዋን ለመጠጣት ሄደች።

እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል? መቀስ በእናቷ ቤት የምትኖር ፀጉር ሠሪ ነች፣ ስሙንም ያወጡላት የአዳራሹ ልጆች ናቸው። ቀኑን ሙሉ ቆማ የሰው ራስ ታጥባለች፣ ቢጎዲን ትጠቀልላለች፣ ካስኩ ሲያቃጥልም ውሃው ሲቀዘቅዝም ይቅርታ ትጠይቃለች። ይቅርታ የማትጠይቅበት ቦታ ቢኖር ይሄ አዳራሽ ነው። መጀመሪያ ሰሞን እንደ ጨርቅ ሲያነጥፏት ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ፣ በቅርቡ ደግሞ በፍጥነት፣ እሷ ማንጠፍ ጀመረች። ታክሲ ነጂው “ኧረ ገደለችኝ” እያለ ይንከባለላል። ባለፈው ወር ቀበቶውን ሲያስሩላት የተጨበጨበው ጭብጨባ እስካሁን ጆሮዋ ላይ አለ። የዚያን ዕለት ፎቶ በፀጉር ቤቱ መስታወት ጥግ ላይ ሰክታዋለች፣ ደንበኛ ሲጠይቃት ደረቷ ይነፋል። በመጪው እሑድ ደግሞ ውድድር አለ፣ ስሟን ያስመዘገበችው ራሷ ነች። አሰልጣኙ “ትከሻሽ ይረፍ”፣ “ለሚቀጥለው ብናደርገውስ” እያለ ሰበብ ሲደረድር ጉዳዩ ትከሻዋ መስሏት ነበር።

ክሪክን ጫማ ማውለቂያው ጋ አገኘችው። ካልሲውን ገልብጦ አድርጎ፣ አውልቆ፣ እንደገና ያደርጋል።

“ክሪክ፣ ቀና በልና እየኝ።”

“እያየሁሽ ነው።”

“ካልሲህን ነው የምታየው። እውነቱን ንገረኝ፤ አንቄህ አውቃለሁ?”

“ምን አይነት ጥያቄ ነው በጠዋቱ?”

“አንቄህ አውቃለሁ ወይስ አላውቅም?”

ክሪክ ትልቅ እጁን ፊቱ ላይ አሻሸ። ውሸት አይሆንለትም፤ ሲዋሽ የኖረው በእጁ ነው እንጂ በአፉ አይደለም።

“ቶሎ ቶሎ እጅ ስጡላት ተባልን” አለ። “እንዳትጎዳ ብለን ነው። ጣቷን አትጫኑት፣ ኮሌታ ስትይዝ አትንጠቋት ተባለ። እኛም… እንደምታስቢው አይደለም መቀስ። እንወድሻለን።”

“ሁላችሁም?”

“ሁላችንም።”

“አንድም ቀን የምር አልነበረም?”

አሰበ። ለማስደሰት ብሎ እንዳልሆነ ያስታውቅበታል።

“አንዴ ነበር። ዝናብ የዘነበ ዕለት ክርኔን የያዝሽው። እሱ የምር አመመኝ። ሥራ ላይ ቁልፍ ማዞር ሁሉ አቅቶኝ ነበር።”

“እሱንስ አሁን በምን ልመንህ?” አለች መቀስ። ክሪክ ካልሲውን እንደገና አወለቀ። እሷም ጫማዋን ሳታስር፣ ማሰሪያውን እየጎተተች ወደ አሰልጣኙ ክፍል ገባች።

አሰልጣኙ ጥሩ ታጋይ ነው፣ ግን ሆደ ቡቡ ነው። ሰው ፊት ለፊት እምቢ ማለት አያውቅበትም። የቆሸሹትን ልብሶች ከረጢት ውስጥ እያጨቀ ነበር፣ ስትገባ ማጨቁን አላቆመም።

“ሴትዮዋን እኔ ነኝ የጠራኋት” አላት ሳትጠይቀው።

“እንድታዋርደኝ?”

“እንድታውቂ። እሑድ የምትገጥምሽ ሰው አታውቅሽም፣ አታዝንልሽም፣ ክንድሽን ይዛ ትሰብረዋለች። ልንገራት እያልኩ ስንት ቀን ተነሳሁ መሰለሽ፣ ፊትሽን ሳይ ግን አፍ አጣሁ። አፍ ሳጣ ጊዜ ሰው አመጣሁ።”

“ቀበቶውንስ ለምን ሰጠኸኝ?”

“ሁሉም እጅ እየሰጠልሽ እንዴት ልከልክልሽ? ለምን አልሰጠኸኝም ብትዪኝ ምን እመልሳለሁ?” ከረጢቱን ትቶ ቁጭ አለ። “ውሸት አንዴ ከጀመረ ማቆሚያው ይጠፋል መቀስ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ማን ነው ጠብቋት ያላችሁ?”

አሰልጣኙ ጣቶቿን አየ። ያኔ ገባት። ጣቷ አብጦ ማበጠሪያ መያዝ ያቃታት ሰሞን ትዝ አላት፤ ከዚያ ሰሞን ወዲህ ነው ጀግና የሆነችው።

“እናቴ” አለች።

አሰልጣኙ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

ያን ቀን ሥራ ላይ የደንበኛ ራስ በሙቅ ውሃ ልትቀቅል ምንም አልቀራት። የፀጉር ቤቱ ባለቤት “ምን ነክቶሻል ዛሬ?” ብላ ከገንዳው አንስታ መጥረግ ላይ መደበቻት። መቀስ እየጠረገች መስታወቱ ጥግ ያለውን ፎቶ አየችው። ታክሲ ነጂው እያጨበጨበ፣ ክሪክ በሁለት ጣቱ እያፏጨ። እያንዳንዳቸውን ፊት በፊት አየቻቸው፤ እየሳቁባት ይሆን? የሚያሾፍ ፊት አላገኘችም። ቢያሾፉ ይሻላት ነበር፣ ተናዳ ትገላገለው ነበር። ፎቶውን አንስታ ኪሷ ከተተችው።

እቤት ስትገባ እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ነው። የእናቷ ቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። የልብስ መተኮሻ ማሽን ላይ ስትሠራ ነው ደርቀው የቀሩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልቀጠራትም። ዛሬም የምታጣጥፈው በግራዋ ነው፣ ቀኟ ጨርቁን ተጭኖ ይይዝላታል።

“ዛሬስ አሸነፍሽ?” አለች እንደ ሁልጊዜው።

“እማ፣ አዳራሹ ሄደሽ ነበር?”

እናትየዋ የያዘችውን ሸሚዝ አጥፋ ጨረሰች።

“ሄጃለሁ።”

“ምን ብለሽ?”

“ልጄን አደራ ብዬ ነዋ። እናት ምን ትላለች? ጣትሽ እንደ ድንች አብጦ ስትመጪ፣ ‘ምንም አይደለም እማ’ ስትዪኝ እኔ ልስቅ ነው? እጅ ሲሄድ ምን ምን ይዞ እንደሚሄድ እኔ ነኝ የማውቀው። አትሂጂ ብልሽ ደግሞ እሺ አትዪኝም።”

“ስለዚህ ሰው ሁሉ እንዲዋሸኝ አደረግሽ።”

“ዋሹ አላልኩም፣ ጠብቁልኝ ነው ያልኩት። እንዴት እንደሚጠብቁ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።” ድምጿ ተለወጠ። “ደግሞስ ደስ ብሎሽ አልነበረም? ፊትሽ በርቶ ነበር እኮ የምትገቢው። እኔም ሲበራ አይቼ ደስ አለኝ። ምን አጠፋሁ?”

መቀስ ልትጮህ መጥታ ነበር። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ስታሰላስል ነው የመጣችው። እናቷ ግን ያቺን የተጎዳች እጇን በቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ስትሸሽግ መቀስ አየች። ተናዳለች፣ አዝናለች፣ አፍራለች፤ የትኛውን ታስቀድም? አጠገቧ ቁጭ ብላ ካልሲ ማጣመር ጀመረች። 

“ልጅ ሆኜ ጫማ ስትገዢልኝ” አለች መቀስ በመጨረሻ፣ “ሁልጊዜ የሚሰፋኝን ነበር።”

“አቅሜ ነዋ። በየዓመቱ ከየት አመጣለሁ?”

“‘ትሞይዋለሽ’ እያልሽ ጫፉ ላይ ጨርቅ ትጎሰጉሺበት ነበር።”

“አልሞላሽውም ታዲያ?”

“ሞላሁት። ግን ጨርቁን በየጊዜው ታወጪልኝ ነበር እማ። ቀበቶው ላይ ማውጣቱን ረሳሽው።”

እናትየዋ የታጠፈውን ሸሚዝ ፈትታ እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

“ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን” አለች መቀስ። “የጎሰጎስሽውን አንቺው ታወጪልኛለሽ።”

በማግስቱ ጠዋት እናትና ልጅ አዳራሹ መጡ። እናትየዋ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ በካልሲ፣ ምንጣፉ ዳር ባለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማንም ዓይኗን አላያትም። ታክሲ ነጂው ሰላም ሲላት ሦስቴ ጎንበስ አለ። አዋላጇ ነገሩ የቤተሰብ እንደሆነ ገብቷት ራቅ ብላ ብቻዋን ታሟሙቃለች።

“እኔ ነኝ ያስቸገርኳችሁ” አለች እናትየዋ፣ ወለሉን እያየች። “ከዛሬ ጀምሮ…”  ከንፈሯን ላሰች፣ ሻርፕዋን አጠበቀች። “ከዛሬ ጀምሮ እሷ የምትላችሁን አድርጉ።”

“ኮች” አለች መቀስ፣ “ከእሑዱ ውድድር ስሜን አውጣው።”

“እሺ” አለ አሰልጣኙ። መገላገሉ ፊቱ ላይ ታየ፣ ወዲያው ደግሞ አፈረበት። “ቀበቶውን ግን ከፈለግሽ…”

“ቀበቶው አይወጣም። ሰፍቶኛል፣ እሞላዋለሁ።” ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችው። “ክሪክ፣ ና።”

ክሪክ እየተጎተተ መጣ። ከጀርባዋ ተቀመጠ፣ ያን ግንድ የሚያህል ክንዱን በአንገቷ ዙሪያ አዞረ። አገጯ ስር ገባ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ። ከዚያ ግን አልጨመቀም። ክንዱ ጡንቻ የሌለው ይመስል ትከሻዋ ላይ ተዘረጋ። መቀስ ሳትዞር አወቀች፤ ወንበሯ ላይ ያለችውን ሴትዮ እያየ ነው።

“እሷን አትይ” አለችው በቀስታ።

“እናትሽ እኮ ነች። እያየችኝ እንዴት አድርጌ?”

እናትየዋ ሰማች። ከወንበሩ ተነሳች። መቀስ ልትወጣ መሰላት፤ ትውጣ ብላ ተመኘች፣ እንዳትወጣም ተመኘች። እናትየዋ ግን በደህናው እጇ ወንበሩን አንስታ ወደ ግድግዳው አዞረችውና፣ ጀርባዋን ለምንጣፉ ሰጥታ ተቀመጠች።

“በሉ እንግዲህ” አለች ለግድግዳው።

ክሪክ አጠበቀ።

እንደዚህ ነው ለካ። ሕመሙ አይደለም ከባዱ፤ ዓለም ከዳር ከዳሩ መጥበቡ ነው። ክንዱን ለማላቀቅ ሞከረች፣ ጣቶቿ እጅጌው ላይ ተንሸራተቱ። አገጯን ለመደበቅ ሞከረች፣ ዘግይታለች። ከአምና ጀምሮ የምታውቀው ያ ለስላሳ ሰውዬ የት ሄደ? ጆሮዋ ውስጥ የራሷ ልብ ይደልቃል። መዳፏን አነሳችና የክሪክን ክንድ መታ መታ አደረገች። ወዲያው ለቀቃት።

አየር ሳበች፣ አስላት፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። አዳራሹ ውስጥ የሷ ሳል ብቻ ነው የሚሰማው። ወንበሩ እንደዞረ ነው። የእናቷ ትከሻ ወደ ላይ ተሰብስቦ፣ ያቺ የተጎዳች እጅ የወንበሩን ጠርዝ ይዛለች።

“አለሽ?” አለች እናትየዋ፣ ሳትዞር።

“አለሁ እማ።”

መቀስ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፣ ቀበቶዋን አጠበቀች፣ ተመልሳ ክሪክ ፊት ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

“ድገመው” አለችው።