ሃያ ስምንተኛው ቃል

የማርያም ማኅበርተኞች አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ የእታለማሁ ተራ የሚደርሰው በዓመት አንዴ ነው። ተራ የደረሰው ሰው ጽዋውን ካለፈው ወር ደጋሽ ተረክቦ ወር ሙሉ ቤቱ ያስቀምጣል፤ በሃያ አንድ ቀንም ጠላና ዳቦ አዘጋጅቶ ማኅበርተኛውን ይጠራል። ከዘንገና ሐይቅ ወዲህ ባለው ሰፈር ይህን የማያውቅ የለም። ታዲያ መስከረም ሃያ አንድ፣ ጸሎቱ አልቆ ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስ፣ የማኅበሩ መሪ፣ በማኅበር ወግ ሙሴ የሚባሉት አያ እንግዳው፣ እታለማሁን አለፏትና ለሸጋ ሰጡት። ከሕመም የመጣች ናት፣ ትንሽ ትረፍ ብለን ነው አሉ፤ ሲናገሩ ማንንም አላዩም።

እታለማሁ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። ቤቷ ገብታ ለድግሱ ያዘጋጀችውን ብቅል በጆንያ ቋጠረችና አልጋ ሥር ከተተችው። ልጇ ዮዲት እንጅባራ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ቅዳሜ ስትመጣ ከአልጋው ሥር የወጣ የጆንያ ጆሮ አየችና ጠየቀች። እናቷ ሳትወድ በግድ ነገረቻት።

ትረፍ! ሴትዮዋ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ድንች ስትቆፍር ነው የሰነበተችው። ከድንች ቆፋሮ ሳያሳርፏት ከጽዋ አሳረፏት።

ዮዲት ነገሩ የቆየ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳች። እናቷ ጡቷ ላይ ለወጣ ዕጢ በክረምቱ አዲስ አበባ አምስት ሳምንት የጨረር ሕክምና ወስዳለች። ከተመለሰች ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ ይጠይቃታል፣ እንቁላልም ማርም ያመጣል፤ ነገር ግን ጨረሩ ይጋባብኛል ብሎ ከደጃፍ አያልፍም። ለቅሶ ቤትም ለብቻዋ የላስቲክ ኩባያ ተሰጥቷታል። ክፉዎች ቢሆኑ መጣላት ይቻል ነበር። ደግ ሰው እያዘነልህ ሲገፋህ ከማን ትጣላለህ?

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አያ እንግዳው ቤት ሄደች። ሽማግሌው ፈረሳቸውን እያሻሹ ነበር። የተራውን ነገር ስትጠይቃቸው ስለ ዝናቡ ነገሯት። ደግማ ስትጠይቃቸው ስለ ገብሱ፣ ከዚያም ስለ ፈረሱ እግር። እየተናደደች ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ አዊኛ ዞረች፤ ግን በአዊኛም ጨረር የሚለው ላይ ስትደርስ ያው የአማርኛውን ቃል ተዋሰች። በመጨረሻ የመጽሐፍ ቋንቋውን ተወችውና በቀላሉ ጠየቀቻቸው።

"አያ እንግዳው፣ ፀሐይ ሲሞቅ የዋለ ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ያበራል?"

"ኧረ አያበራም።"

"እናቴም እንደዚያው ናት። ጨረሩ ከማሽኑ ወጥቶ ነካት፣ አለፈ። ማሽኑ ሲጠፋ እሱም ጠፋ። ሰውነቷ ውስጥ የቀረ ነገር የለም።"

ሽማግሌው ሦስት ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ገባኝ አሉ። ዮዲት የልቧ ደርሶ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በሩን ልታልፍ ስትል ከኋላዋ ጠሯት። ለመሆኑ እናትሽ ለጥንቃቄ ያህል በራሷ ኩባያ ብትጠጣ ይከፋታል ወይ አሏት። የዮዲት ደም ፈላ። በታላቅ ፊት ድምፅ ማሰማት ነውር መሆኑን እያወቀች ጮክ አለች።

"ለመሆኑ ይህን ነገር ማን አስተማረዎት?"

"አንቺ ነሻ፣ ልጄ።"

አልተቆጡም። ወደ ውስጥ ገብተው ዳዊታቸውን አመጡና ከመካከሉ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ዮዲት ገና ሳይዘረጋ አወቀችው።

አምና ነው። በሬዲዮ የኑክሌር ኃይል ወሬ ሲበዛ ተማሪዎቹ በጥያቄ አላስቀምጥ ስላሏት ሠላሳ ቃላት ከነፍቻቸው በአንድ ገጽ ጻፈችላቸው። በጻፈችው ኮርታ ነበር። "ግማሽ ዕድሜ" ለሚለው አንድ ቃል ብቻ ሁለት ምሽት ተጨንቃለች፤ ዩራኒየም ማበልጸግን ከወንፊት ጋር አያይዛ አስረድታለች። ሃያ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ግን ገጹ ሞላ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰው መብራት ሳይጠፋ ቶሎ በይ እያለ ይነዘንዛታል። ከአራት መስመር ሦስቱን ሰርዛ ሰጠችው። ሁለት መቶ ቅጂ ወጣ፣ በእያንዳንዱም የትምህርት ቤቱ ማኅተም አረፈበት። የአያ እንግዳው ልጅ ከተማሪዎቿ አንዷ ነበረች፤ ማኅተም ያለበት ወረቀት ደግሞ በዚህ አገር አይጣልም።

ሽማግሌው ጣታቸውን ከቃሉ ሥር አድርገው ቀስ ብለው አነበቡላት። "የኑክሌር ቆሻሻ፦ ጨረር የነካው ነገር ሁሉ። ከሰው ተለይቶ ለብዙ ዘመን ይቀመጣል።"

የሰረዘችው ይሄኛውን ነበር፦ ጨረር የነካው ሳይሆን፣ ከራሱ ውስጥ ጨረር የሚረጭ፣ አገልግሎቱን የጨረሰ ነገር። ሰውንና ቆሻሻን የሚለየው ያ ዓረፍተ ነገር ፎቶ ኮፒ ቤት ወለል ላይ ቀርቷል።

"ይህ ስህተት ነው" አለቻቸው።

"አምና ልክ ነበር። አሁን እናትሽ ስትታመም ስህተት ሆነ?" አሉና ወረቀቱን አጠፉት። "አልፈርድብሽም። ግን ልጅ ለእናቷ ብትመሰክር ማን ይሰማታል?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእሷ ደግሞ በማኅተም ነው የወጣው። በማኅተም የወጣ በማኅተም ይመለሳል ብላ ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ማረሚያ ጽፋለች፣ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ አነበቡና ተሳስተናል ብሎ ለመጻፍ የኮሚቴ ውሳኔ ያስፈልጋል አሏት። የኮሚቴው ሰብሳቢ ዳንግላ ሥልጠና ላይ ነው፤ አሥር ቀን ጠበቀችው። ሰብሳቢው ሲመጣ ጸሐፊዋ ወሊድ ፈቃድ ወጣች። ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ሲገኝ የማተሚያው ቀለም አለቀ። ሦስት ሳምንት ደጅ ጠናች። በመጨረሻ ርእሰ መምህሩ ሰልችቷቸው፣ ለጥቂት የገጠር ሰዎች ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ በቃል ንገሪያቸው አሏት። ዮዲት ከቢሮው ስትወጣ በሩን ከሚገባው በላይ በኃይል ዘጋችው። ስህተቱን ለማተም አንድ ከሰዓት በቂ ነበር!

ጥቅምት ሃያ አንድ ደረሰ። ድግሱ ሸጋ ቤት ነው። ዮዲት ማኅበርተኛ ባትሆንም እናቷን ደግፋ ገባች። የምትለውን መንገድ ላይ አዘጋጅታ ነበር፦ ወረቀቱ ላይ ጥቂት ግድፈት አለ፣ ትምህርት ቤቱ ያስተካክለዋል። ይኼው ነው። ማንንም የማይጎዳ፣ እሷንም የማያዋርድ።

እታለማሁ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ነጠላዋ ሲገለጥ ዮዲት አየች፤ እናቷ የላስቲኩን ኩባያ ከቤት ይዛ መጥታለች። ማንም ሳያዛት፣ በገዛ እጇ። ዮዲት ያዘጋጀችው ቃል ሁሉ ጠፋባት።

ቄሱ ባርከው ጽዋው መዞር ሲጀምር፣ ዮዲት ሳትነሳ እናቷ ተነሳች።

"እኔን ይለፈኝ" አለች እታለማሁ። "ልጄ ወረቀቱ ስህተት ነው እያለች ስትዞር ሰምታችኋል። ለእኔ ብላ ነው። ወረቀቱ ልክ ነው፤ የእኔ ልጅ አትሳሳትም። የልጄ ስም ከሚጠፋ የኔ ጽዋ ቢቀር ይሻላል።"

ሴቶቹ ወደ መሬት አዩ። ዮዲት ግን ከዚህ በኋላ ጥቂት ግድፈት ብሎ ነገር እንደማይሆን ገባት። እውነቱን ከተናገረች እናቷን በማኅበር ፊት ሐሰተኛ ታደርጋታለች፤ ዝም ካለች እናቷ እስክትሞት በላስቲክ ኩባያ ትጠጣለች። በእናቷ ተናደደች። በራሷ ደግሞ የባሰ ተናደደች።

"ወረቀቱ ልክ አይደለም" አለች ቆማ። "አምናም ልክ አልነበረም። ሃያ ስምንተኛውን ቃል ስጽፍ ቸኩዬ ነበር፤ ቦታ ጠበበኝና ዋናውን ቆርጬ ጣልኩት። አላሰብኩበትም። ሌላ ማንም እንዳይመስላችሁ፣ እናቴን ቆሻሻ ብዬ የጻፍኳት እኔ ነኝ።"

አያ እንግዳው ዳዊታቸውን ገልጠው ወረቀቱን አወጡ፣ ዘርግተውም ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

"ለእናቷ ስትመሰክር አልሰማኋትም" አሉ ለማኅበሩ። "አሁን የመሰከረችው በራሷ ላይ ነው። ሰው በራሱ ላይ በከንቱ አይመሰክርም። ነይ፣ ሰርዢው።"

ዮዲት ከቦርሳዋ የተማሪ ፈተና የምታርምበትን ቀይ እስክሪብቶ አወጣች። ፍቺውን ሰረዘችና ከጎኑ የጎደለውን ዓረፍተ ነገር ጻፈች። ሽማግሌው ጽዋውን አንስተው በገዛ እጃቸው ለእታለማሁ ሰጧት። ጠጣች። ቀጥሎ የተቀበለችው ሸጋ ከመጠጣቷ በፊት የጽዋውን ከንፈር በነጠላዋ ጫፍ ጠረግ አደረገችው፤ ግን ጠጣች። ጸሎቱ ሲያልቅም የኅዳር ሃያ አንድ ደጋሽ እታለማሁ ናት ተባለ።

ወደ ቤት ሲመለሱ እናትየዋ ጽዋውን በነጠላዋ አቅፋ ፊት ፊት ትሄዳለች። ዮዲት አንድ የምስጋና ቃል ጠብቃ ነበር። አጥሩ ጋ ሲደርሱ እታለማሁ ዞር አለች።

"አምና ቸኮልሽ እሺ። ዛሬ በሰው ፊት ልታዋርጂኝ ምን አስቸኮለሽ? በጆሮዬ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

እናቷ ገብታ ጽዋውን ከፍ ካለ ቦታ አስቀመጠች፣ ጎንበስ ብላም የብቅሉን ጆንያ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችው።

"ነገ ወፍጮ ቤት አድርሺው" አለች፣ አሁንም ፊቷን ሳትፈታ። "ስንት ወረቀት ነው ያልሽው?"

"ሁለት መቶ።"

"እንግዲያው መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀርቶሻል። ቀዩን እስክሪብቶሽን እንዳትረሺ።"