ትርፍ ቤት በሰማይ

የትርፍ ቤት አዋጁ አራቱን የኪራይ ቤቶቹን በወሰደበት ጊዜ አቶ መኩሪያ አንድ ሳምንት አልጋ ላይ ተኛ። በሁለተኛው ሳምንት ተነሥቶ ፊቱን ወደ ሰማይ አዞረ። እዚያ ትርፍ ቤት የሚወርስ ቀበሌ የለም። ለተጠማ አንድ ጽዋ ውኃ ያጠጣ ሰው ዋጋው እንደማይጠፋበት የንስሐ አባቱ ነግረውት ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ንፋስ ስልክ ካለው ግቢው በር ላይ በርሜልና ጣሳ ይዞ ይቆማል። ለአላፊ አግዳሚው አንድ አንድ ጣሳ ያድላል፤ በሰጠ ቁጥር ከመቁጠሪያው አንድ ፍሬ ያሳልፋል። ሁለተኛ ጣሳ ለጠየቀው አይሰጥም። ለአንድ ሰው ሁለት ጣሳ መስጠት ለእሱ በአንድ መሠረት ላይ ሁለት ቤት እንደ መሥራት ነበር።

ሰፈርተኛው ይስቅበታል፤ ውኃውን ግን ይጠጣል።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት በመጋቢት ወር የቀበሌው ቦኖ ደረቀ። ሰው ልብሱን ከፋብሪካው በታች በሚወርደው ጥቁር ወንዝ እያጠበ፣ የሚጠጣውን ከሩቅ በአህያ እያስመጣ ስምንት ቀን ከረመ። የአቶ መኩሪያ ቧንቧ ከሌላ መስመር የተሳበ ስለ ነበር ጠብታው አልተቋረጠም። በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ የጎረቤቱ የማሚቴ እናት እማማ ብርነሽ ሞቱ።

ቀብሩ ለስምንት ሰዓት ተቀጠረ። እማማ ብርነሽ ሰባት ወር ከአልጋ አልወረዱም፤ በንጹሕ ውኃ ሳይታጠቡ የሚገነዙ አልነበሩም። የመጨረሻ ቃላቸውም ስለ ነፍሳቸው አልነበረም። «ቆሽሼ እንዳትቀብሪኝ» ነበር ያሏት። ማሚቴ ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን አንሥታ ወደ አቶ መኩሪያ በር ሄደች።

«እግዜር ያጽናሽ» አላት። ዓይኑ ጀሪካኑ ላይ ነበር። «ይኼ ለምንድን ነው?»

«ለእናቴ ማጠቢያ ነው፣ ጋሼ።»

«ሙሉውን?»

«ሙሉውን።»

ራሱን ነቀነቀ። «የተባለው ላጠጣ ሰው ነው፣ ልጄ። ሙት አይጠጣም። ደግሞ ይኼን ሁሉ ላንድ ሰው ብሰጥ የሚታሰብልኝ አንድ ነው። በዚህ ውኃ እኮ ሰማንያ ሰው አጠጣለሁ።» ጣሳውን ሞልቶ ዘረጋላት። «ድርሻሽን ጠጪ።»

ማሚቴ ጣሳውን ተቀበለች። አፏ ላይ የደረሰ ስድብ ነበር፤ ዋጠችው። ለክፉ ሰው ስድብ ይገባል፤ ይኼ ግን ጽድቅ በጣሳ የሚለካ ሰው ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሌላ ዘዴ አለ። ውኃውን ጀሪካኑ ውስጥ ገለበጠችው።

«ሌላ ሰው ቢመጣስ፣ ጋሼ?»

«ለመጣ ሁሉ እሰጣለሁ። መቼ ከልክዬ አውቃለሁ?»

ወደ ቤቷ ተመልሳ፣ ድንኳን ለሚተክሉት የዕድር ሰዎች የሆነውን ነገረቻቸው። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ዳኜ የያዘውን ካስማ መሬት ላይ ጣለ።

«እኔስ ጠማኝ» አለ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ የአቶ መኩሪያ በር ላይ የሥጋ ቀን ይመስል ሰልፍ ሆነ። እያንዳንዱ ጣሳውን ይቀበላል፣ ከንፈሩን ያርሳል፣ የቀረውን በማሚቴ እግር ሥር ባለው ጀሪካን ውስጥ ይገለብጣል። አቶ መኩሪያ ያያል፤ መቁጠሪያውም አያርፍም።

«ሲደፉት ቅር አይልህም?» አለው ዳኜ።

«እኔ የምጠየቀው ከእጄ እስኪወጣ ነው» አለና ቀጣዩን ጠራ።

ቀጣይዋ ከወላይታ የመጣችው ጎረቤት ሣራ ነበረች። ሊቀዳ የዘረጋው እጁ ባለበት ቆመ።

«አንቺ ጴንጤ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ፣ ጋሼ። ለጠላት ሲሰጥ ዋጋው እጥፍ ነው አይባልም?»

ትንሽ አሰበ። ከዚያ ጣሳውን ከሁሉም ሰው አስበልጦ እስከ አፉ ሞላላት፤ ከመቁጠሪያውም ሁለት ፍሬ አሳለፈ።

ጀሪካኑ ሲሞላ ፊቱ እንደ ሠርገኛ በርቶ ነበር። «እናትሽ ብዙ በረከት አመጡልኝ» አላት ማሚቴን። እሷም ሸክሟን አነሣች። እማማ ብርነሽ ከራስ ፀጉራቸው እስከ እግር ጥፍራቸው ታጥበው፣ ሽታቸው የሳሙና ብቻ ሆኖ ተገነዙ።

በስምንት ሰዓት አስከሬኑ በዚያው በር አለፈ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። አቶ መኩሪያ ይኼን አስቀድሞ አስቦ በርሜሉን እስከ አፉ ሞልቶ፣ ሁለት ጣሳ ጨምሮ ይጠብቅ ነበር። ከለቀስተኛው ፊት ፊት የሚሄደው ዳኜ ሲቃረብ፣ ጣሳውን ዘርግቶ ቀድሞ አንድ ፍሬ አሳለፈ።

«ለቀስተኛ ይጠማዋል፤ ጠጡ።»

ዳኜ ጡሩምባውን ነፍቶ አለፈ። ሳጥኑን የተሸከሙት ላባቸው በአገጫቸው እየወረደ አለፉ። ሣራ አለፈች። ማሚቴ ስትደርስ አንድ እርምጃ ወደ እሷ ቀረበ።

«አንቺስ እንኳ?»

«ጠጥተናል፣ ጋሼ» አለችና ሄደች።

የመጨረሻዋ ሴት እስክትርቅ ድረስ ጣሳውን እንደ ዘረጋ ቆየ። ከዚያ ጠብታ እንዳይፈስበት ተጠንቅቆ ውኃውን ወደ በርሜሉ መለሰው። መቁጠሪያውን አየ። ለዳኜ ብሎ ቀድሞ ያሳለፈው ፍሬ ከተሰጡት ጋር ተሰልፏል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተመለከተ፤ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። ፍሬውን እዚያው ተወው።