ያው የድሮው መጠን

አባታችን የሞተው ወንድሜ ሙሌ ሁዳዴን አጥብቆ ስለጾመ ነው። ይህን ለንስሐ አባታችን ለአባ ፍቅረ ሥላሴ ብነግራቸው ቅር ይላቸዋል፤ ግን የሆነው እሱ ነው።

ሙሌ ደባርቅ ውስጥ ባጃጅ ይነዳል። ጋንጃ የጀመረው ከጎረቤታችን ልጅ ከልደቱ ጋር ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቴ ሳብ አድርጎ ግድግዳ ተደግፎ ይስቅ ነበር። ዓመት ሳይሞላው አንድ ሙሉ ጥቅል ጨርሶ፣ እራቱን በልቶ፣ ምንም ሳይመስለው መተኛት ጀመረ። "እኔን አይነካኝም" ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ግን ከሥጋና ከመጠጡ ጋር እሱንም ይተዋል። ዘንድሮም ተወ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣ፣ ላብ አጠመቀው፣ ከተሳፋሪ ጋር ተጣላ። ከዚያ ረጋ፤ ሰውነቱም ተመለሰ። እናታችን ሙሉወርቅ ለሰው ሁሉ የምታወራው ስለ እሱ ጾም ሆነ።

የፋሲካ ማግስት ጠዋት ልደቱ ቤት ሄዶ ያንኑ አንድ ሙሉ ጥቅል አጨሰ። ከዚያ አባዬን ዳባት፣ አክስታችን እናናዬ ዘንድ ሊያደርሰው ተነሣ፤ በዓል ስለነበር ሚኒባስ አልተገኘም። ከከተማው ወጣ እንዳሉ የሙሌ ልብ ይደልቅ ጀመር፤ መንገዱ ተነሥቶ የሚመጣበት መሰለው። መሪውን ጠመዘዘ። ባጃጁ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሙሌ ክንዱ ተሰበረ። አባዬ እዚያው ቀረ።

በዋስ የወጣ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲበተን፣ ሙሌ በደህና እጁ የአባዬን ዱላ አነሣ።

"የት ልትሄድ?" አልኩት።

"ልደቱ ጋ። የሆነ ነገር ቀላቅሎብኛል።"

እናቴ ቀና አላለችም። "ያ የሰይጣን ቁራጭ" አለች። "ልጄን መርዞ አባቱን አስበላው።"

በሩ ላይ ቆምኩ። "ልደቱ ራሱ ያጨሰው ከየት ነው?"

"ልቀቂኝ ሊድያ። ከዚያው ነዋ። ከአንድ ላስቲክ አውጥተን ነው የጠቀለልነው።"

"ምን ሆነ ታዲያ?"

"ምንም። ይስቅብኝ ነበር።"

"ልደቱ በጾሙ አላቆመማ።"

"እና?"

"በየቀኑ ስታጨስ ጭንቅላትህ ይለምደዋል። የሚቀበልበት ቦታ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ትጨምራለህ። ስትተው ያ ቦታ ይመለሳል። ጾሙን ሙሉ ሲመለስ ነው የከረመው። አንተ የወሰድከው የድሮውን መጠን ነው፤ ሰውነትህ ግን እንደ ጀማሪ ሆኖ ነው የጠበቀህ።"

"ዶክተሯ ጀመረች ደግሞ።" ፋርማሲ በመማሬ ሲያላግጥ እንዲህ ይለኛል። ይህን ጊዜ ግን አልሳቀም። "ማንም ምንም አልቀላቀለም ነው የምትይው?"

"አልቀላቀለም።"

"ስለዚህ እኔ ነኝ።"

ማለባበስ እችል ነበር። ግን ዱላው እጁ ላይ ነው፤ ልደቱም የሚኖረው ከእኛ ዝቅ ብሎ ነው።

"አዎ፣ አንተ ነህ" አልኩት።

ዱላውን ግድግዳ ላይ ቀስ አድርጎ አስደገፈና መሬት ላይ ተቀመጠ። እንባ አልወጣውም። የተሰበረ ክንዱን አቅፎ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዝ ጀመር።

እናቴ ስታየው ቆይታ ወደ እኔ ዞረች።

"እስካሁን የሚጠላው ሰው ነበረው" አለች። "አሁን ምን ተውሽለት?"

"ልደቱን ይገድለው ነበር፣ እማዬ።"

"እሱንማ እኔም አውቃለሁ።"

ጥቁር ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣች። የሙሌን እግር ተራምዳ አለፈች፣ ወጣችና በሩን ዘጋችብን።