ሲሶ የሌለበት ሜትር

አናጢው ለልጁ ክፍልፋይ ያስተማራት ትምህርት ቤቱ ሳይጀምረው በፊት ነው። ከክፍል ስትወጣ ቀጥ ብላ ወደ ሥራ ቤቱ ትመጣለች፤ ቦርሳዋን ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ የአግዳሚውን ሰጋቱራ በመዳፏ ጠርጋ ቁጭ ትላለች። እሱም የብረት ሜትሩን ይዘረጋላታል። ስሙ ሜትር ይሁን እንጂ አናጢው የሚሠራበት ወገኑ ኢንች ነው፤ እያንዳንዱ ኢንች በጭረት አሥራ ስድስት ቦታ የተከፈለ።

«ግማሽ ኢንች ስንት ጭረት ነው?»

«ስምንት።»

«ሩብስ?»

«አራት። አባዬ፣ ይሄ ቀላል ነው፤ ከባድ አምጣ።»

«እሺ። ሦስት ሩብ ኢንች ውፍረት ካለው ጣውላ ላይ አምስት ስምንተኛ ኢንች ባነሳበትስ?»

ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። «አሥራ ሁለት ሲቀነስ አሥር... ሁለት ጭረት! አንድ ስምንተኛ!»

«የኔ መሐንዲስ!» ይልና በሩ ላይ የቆመውን ደንበኛ ሰማህ ወይ በሚል ዓይን ያየዋል።

ዘዴው አንድ ነበር፤ የመጣውን ሁሉ ወደ አሥራ ስድስተኛ መለወጥ፣ ከዚያ መደመር ወይም መቀነስ። ማንም አላስተማረውም፤ ከሜትሩ ላይ ራሱ ያነበበው ነው። አልፎ አልፎ ሲሶ ሲያጋጥመው «አምስት ጭረት እና ትንሽ» ይላል፤ ትንሿን ለመላጊያው ይተዋታል። መላጊያውም አሳፍሮት አያውቅም።

ትምህርት ቤት ክፍልፋይ ሲጀመር ሚጢ (ቤት ውስጥ እንዲህ ነው የምትጠራው) ከሁሉም ቀድማ እጇን የምታወጣ ሆነች። መምህርቷም አንድ ቀን ግማሽና ሲሶን እንድትደምር ወደ ሰሌዳው አወጣቻት። ሚጢ ሳታቅማማ ጻፈች፦ አሥራ ሦስት አሥራ ስድስተኛ እና ትንሽ።

መምህርቷ ጠመኔዋን አስቀመጠች። «ትንሿ ስንት ናት?»

«ትንሽ ናት፣ ቲቸር። በመላጊያ ትወጣለች።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ዕረፍት ሳይደርስ «እና ትንሽ» የሚል ስም ወጣላት።

የዚያን ቀን ወደ ሥራ ቤቱ አልመጣችም። አናጢው ቤት ሲገባ አጎቷን አጠገቧ ተቀምጦ አገኘው። አጎቷ የእናቷ ታናሽ ወንድም ነው፤ ለውሃ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ወደ ከተማው ከመጣ ወዲህ በፊት ለፊቷ ክፍል ያድራል። ከረባቱን ቤት ውስጥም ስለማያወልቀው አናጢው በሆዱ «ከረባት» ብሎ ሰይሞታል። ከረባት አንድ ወረቀት በቁመቱ ለሁለት፣ በአግድሙ ለሦስት አጥፎ ዘረጋላት።

«ስንት ቤት ሆነ?»

«ስድስት።»

«ግማሹ ስንት ቤት ነው?»

«ሦስት።»

«ሲሶውስ?»

«ሁለት... ቆይ! አምስት ስድስተኛ! አጎቴ፣ ምንም አልተረፈም እኮ!»

አናጢው እጁን እየታጠበ ነበር። ሳሙናው ከእጁ አመለጠ። ያቺ «ምንም አልተረፈም» የምትለዋ ነገር ጆሮው ውስጥ እንደ ስንጥር ተሰክታ ቀረች።

ከዚያ በኋላ ሚጢ ወደ ሥራ ቤቱ መምጣቷን ተወች። ማንም አልከለከላትም፤ ብቻ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ቤት ትሄዳለች። አናጢው ሰዓቱ ሲደርስ መጋዙን ቀስ ያደርጋል፤ የኮቴ ድምፅ እንዳያመልጠው ነው። ሰጋቱራው አግዳሚው ላይ ተከመረ፤ እሱም አልጠረገውም። ማታ ገበታ ላይ ደግሞ ልጁ በሌላ ሰው አንደበት ማውራት ጀምራለች። «እንግዲህ ልብ በል አባዬ፣ ታህቱ ካልተመሳሰለ ላዕሉ አይደመርም» ትለዋለች፤ ያ «እንግዲህ ልብ በል» የማን እንደሆነ ያውቃል። እጇን የምታወዛውዘው እንኳ እንደ ከረባት ነው።

«ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቆረ» አለችው ሚስቱ አንድ ቀን ሸሚዝ ስትተኩስ።

«ምን እሆናለሁ።»

«ወንድሜ ልጅህን ስላስጠናልህ ነው እንዴ? ሌላው እየከፈለ አስጠኚ ይቀጥራል፣ ለአንተ ቤትህ ድረስ መጣልህ፤ አንተ ታኮርፋለህ።»

«ማን አኮረፈ? ደግሞ ወረቀት ማጠፍ ምን ሥራ ነው? ማንም ያጥፋል።»

«እንግዲያው እጠፍ!» አለችና ሳቀች። የተኮሰችውን ሸሚዝ ወረወረችለት። «በል ከዚህ ጀምር።»

እሱ አልሳቀም። በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዱ ለጸሎት ቆሞ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ልጁ ለመነ። ስለ ሚስቱ ወንድም ሲደርስ «ጌታ ሆይ፣ እድገት ስጠው፤ ሌላ ከተማም ያለ እድገት ቢሆን...» ሲል ራሱን ሰማው። አፉን ያዘ። ማንን ሊያታልል እንደሞከረ ሲገባው አንገቱን ደፋ፤ «እድገቱን ብቻ» ብሎ አስተካከለ። ግን ልቡ ያለው የመጀመሪያውን እንደነበር እሱም ያውቃል፣ የሚሰማውም ያውቃል።

የሒሳብ ፈተናው ዋዜማ ነበር። እናቷ የምሳ ዕቃ አስይዛ ወደ ሥራ ቤቱ ላከቻት። ሚጢ በሩ ላይ ቆመች እንጂ አልተቀመጠችም።

«ቁጭ በይ እንጂ።»

«አጎቴ እየጠበቀኝ ነው። የመጨረሻ ክለሳ አለብን።»

አናጢው መዶሻውን አስቀመጠ። «ስሚኝ» አላት። «ነገ ሁሉንም ወደ አሥራ ስድስተኛ ለውጪ። እንዳስተማርኩሽ። ሌላውን ተይው።»

«ሲሶ ቢመጣስ?»

«አምስት እና ትንሽ ነዋ! ይኸው ስንት ቁም ሳጥን የሠራሁበት ነው። የትኛው ተጣሞ አየሽ?»

«አባዬ፣ ግን አጎቴ...»

«አባትሽ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?»

ከአፉ ከወጣ በኋላ ሊመልሰው ፈለገ፤ አልመለሰውም። ልጅቷ የምሳ ዕቃውን ሰጋቱራው ላይ አስቀመጠች። «እሺ አባዬ» ብላ ሄደች።

ውጤቱ ሲመጣ ሚጢ ወድቃ ነበር። የወደቁት በእረፍቱ ጊዜ ሌላው ሲጫወት እየመጡ እንደገና እንዲማሩ ተወስኗል። ከረባት የፈተና ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ደጋግሞ አገላበጠው፤ በየጥያቄው ሥር አሥራ ስድስተኛ ተደርድሯል፤ አምስተኛ ሳይቀር ወደ አሥራ ስድስተኛ ተለውጧል።

«ሚጢዬ፣ ይሄን ሁሉ እኮ አብረን ሠርተነዋል። ምን ነካሽ?»

«ረሳሁት» አለች። አባቷን አላየችም።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ከረባት ወደ አናጢው ዞሮ። «እኔ ነኝ ያደናገርኳት። ማስተማር አልችልበትም መሰለኝ። ከእንግዲህ እርስዎ ቢያስጠኗት ይሻላል።»

ስንት ጊዜ የተመኘው ነገር በእጁ ገባ። አናጢው ደስ ሊለው ሞከረ። የልጁን ጎንበስ ያለ ማጅራት ሲያይ ግን ሳህኑን ገፋ። እናቲቱ አንዴ ልጇን፣ አንዴ ባሏን አየችና ሳህኑን አነሳች።

በማግስቱ ሥራ ቤቱን በጊዜ ዘግቶ መጣ። ሚጢ ጠረጴዛው ላይ ብቻዋን ነበረች። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«አስተምሪኝ።»

«ምኑን?»

«ሲሶውን። አንቺ እንደምታውቂው አድርገሽ።»

«አጎቴ ቢያስተምርህ ይሻላል። እሱ ነው በደንብ የሚያስረዳው።»

ይህችንም ዋጣት። «አንቺ አስተምሪኝ።»

ወረቀት አመጣች። «እንግዲህ ልብ በል» አለች፣ «ግማሽ ሲደመር ሲሶ። ሞክር።»

አናጢው ሜትር በሌለበት ሲደምር የመጀመሪያው ነበር። የላዩን ከላዩ፣ የታችኛውን ከታችኛው ደምሮ ሁለት አምስተኛ ጻፈና በኩራት አቀረበላት።

«አባዬ!» ብላ በሳቅ ተንፈራፈረች። «ሁለት አምስተኛ እኮ ከግማሽ ያንሳል! ግማሽ ነበረህ፣ ተጨመረልህ፤ እንዴት ያንስብሃል?»

ወረቀቱን ትክ ብሎ አየው። «እውነትሽን ነው» አለ ቀስ ብሎ። «እንዴት ያንሳል።»

አጣጥፋ ስድስቱን ቤቶች አሳየችው። ሦስቱን አጠቆረ፣ ሁለቱን አጠቆረ። አምስት። ጣቱን በየቤቱ ላይ አሳለፈ፤ ልክ ነው።

በሩ ተከፈተና ከረባት ገባ። ሁለቱን ሲያይ እንዳይረብሽ ወደ ክፍሉ ሊያልፍ አለ። አናጢው ቀና ሳይል ተናገረ።

«አንተ አይደለህም። አሥራ ስድስተኛ አድርጊ ያልኳት እኔ ነኝ። ለክፋት ነው ያልኳት።»

ልጅቷ እርሳሷን መንከስ ያዘች። ከረባት «እሺ ጋሼ» አለ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም።

ሚጢ መጽሐፏን ገለጠች። «ይቺስ? ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ አንድ አምስተኛ?» ዓይኗ መጀመሪያ ወደ አጎቷ ሄደ። ዓይኗ ወዴት እንደሄደ አናጢው አየ፤ ያው የቆየው ነገር ደረቱ ላይ ቧጠጠው።

«አባትሽን ጠይቂው» አለ አጎቷ።

አናጢው ቁጥሮቹን አያቸው። ሦስትና አምስት። እንዴት እንደሚታጠፍ አያውቅም። ዝም ብሎ አንድ ነገር ሊል ይችል ነበር፤ ልጅቷ ታምነው ነበር።

«ይቺን አላውቃትም» አለ። ወንበሩን ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገና በመካከላቸው ቦታ ለቀቀ። «ና፣ አስረዳን። ቀስ ብለህ ግን፤ እኔ ቶሎ አይገባኝም።»