ከጠረጴዛው ሥር ያለችው ደሴት

የሰፈሩን ሰው ሁሉ ወገብና ትከሻ በቃሉ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ ነበር፤ የገዛ ሱቁን በር ግን አንድም ቀን ለክቶ አያውቅም። የመቁረጫ ጠረጴዛ ሲያምረው አናጢ ጠራና እዚያው ሱቁ ውስጥ አሠራ። ሳንቃው ወፍራም፣ ርዝመቱ ሰው አጋድሞ የሚያስተኛና የሚተርፍ፣ ሁሉ ነገሩ በኮላ ድርቅ ብሎ የተጣበቀ። አናጢው መሣሪያውን ሲሰበስብ፣ ወሬ ለማየት የቆመ አንድ ጎረቤት፣ "ይሄ በየት በኩል ነው የሚወጣው?" ብሎ ጠየቀ። ልብስ ሰፊው በሩን አየ፤ ከበሩ ቀጥሎ የሚታጠፈውን ጠባብ ኮሪደር አየ፤ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና፣ "ማን ይወጣል አለህ?" አለው። ነገሩ በዚሁ ታለፈ።

እንግዲህ እሱም ሞተ፣ ሱቁም ሊፈርስ ሆነ፣ ጠረጴዛው የሚወጣበት ቀን መጣ። መከራው የወደቀው በሴት ልጁ ላይ ነው። አባቷ ዓይኑ ሲደክም መቀሱን የተረከበችው እሷ ናት፤ አሁን ራሷም መነጽር በክር አንጠልጥላ የምትሠራ ሴትዮ ሆናለች። የምትኖረው ከእንግዲህ ልጇ ቤት ነው። ጨርቁን በጆንያ፣ ክሩን በካርቶን አድርጋ ጨርሳለች፤ የቀረው ጠረጴዛው ብቻ ነው። ለጠረጴዛው ደግሞ መኪና ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ መኪና ያለው ሰው ደግሞ ወንድሟ ነው።

ወንድሟን መጥራት ቀላል አልነበረም። የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ዕድሜው አገር ላገር ሲዞር ያለቀ። ድሮ መርፌና ክሩን ጥሎ የሄደ ዕለት፣ "አባባን በእኔ ትከሻ ጥለህ ሂድ" አለችው። እሱም፣ "እኔ ዕድሜ ልኬን ከጠረጴዛ ሥር አልኖርም" ብሎ በሩን ወርውሮ ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። ተጣሉ እንዳይባል ይደዋወላሉ፤ ታረቁ እንዳይባል "ደህና ነሽ?"፣ "ደህና ነኝ" ተባብለው ስልኩን ይዘጋሉ። ሱቁ እስካለ ድረስ ግን በዚያ መንገድ ሲያልፍ እግረ መንገዱን ብቅ ይል ነበር፤ አንዴ ዚፕ ያስቀይራል፣ አንዴ ውኃ ይጠጣል። ሱቁ ሲፈርስ ብቅ የሚልበት ምክንያት የለም። ወንድሟን የምታጣው ዛሬ፣ ከጠረጴዛው ጋር እንደሆነ ነው የተሰማት።

ሲገባ መጀመሪያ ያየችው ፊቱን ሳይሆን ሱሪውን ነው፤ የሙያ አመል አይለቅም። ከመደብር የተገዛ ሱሪ፣ ርዝመቱ ተርፎ፣ ተረከዙ ሥር እየተረገጠ ጫፉ ተበልቷል። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የልብስ ሰፊ ወንድም፣ እንዲህ ሆኖ ይሄዳል። አንጀቷን በላት፤ ግን ከየት ጀምራ ትናገር?

"እንደምን ከረምሽ፣ እትዬ?"

"ደህና። መንገዱ እንዴት ነበር?"

"መንገድ ያው መንገድ ነው።"

ይዞት የመጣው አናጢ ጎልማሳ፣ ቀልጣፋ ሰው ነው። በሩን ለካ፣ የኮሪደሩን መታጠፊያ ለካ፣ ጠረጴዛውን ለካ፤ አባትየው በሕይወቱ ሙሉ ያላደረገውን እሱ ሻይ ፉት እስኪባል አደረገው። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። "ኮሪደሩ ላይ አይታጠፍም፣ እናቴ። ወገቡ ላይ ልቁረጠውና ሁለት ጠረጴዛ ይውጣችሁ፤ አንዱ ለእርስዎ፣ አንዱ ለወንድምዎ።"

"ቁረጠዋ" አለች። ወንድሟም ጫማውን እያየ ተስማማ።

"መጀመሪያ እንገልብጠው። ከሥሩ ምስማር ካለ መጋዜን ይሰብርብኛል።"

ለሦስት ተጋግዘው፣ እያማጡ ገለበጡት። አራቱ እግሮች ወደ ጣሪያው ተዘረጉ። አቧራው ሲቀመጥ ወንድምና እህት ቆመው ቀሩ። አናጢው ምስማር ሊፈልግ ጎንበስ ብሎ፣ "ምንድነው ይሄ ሁሉ?" አለ።

ደሴቲቱ ነበረች።

ሌላ መጫወቻ አልነበራቸውም። እናታቸው በልጅነታቸው ነው የሞተችው፤ አባታቸው የት ይጣላቸው፣ ሥራ ይዟቸው ይመጣና ከጠረጴዛው ሥር ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፎ ያስቀምጣቸዋል። በጀርባቸው ተንጋለው ወደ ላይ ሲያዩ የሚታያቸው ባዶ ሳንቃ ነው። ባዶ ሳንቃ ደግሞ ለሥራ ፈት ልጅ አይሆንም። በተሰረቀ የአባት ጠመኔና እርሳስ አገር አበጁበት። የሚያውቁት ካርታ አባታቸው ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው የኮት ቅድ ብቻ ስለነበር አገሩ ኮት መሰለ፤ አንገት፣ ወገብ፣ ጫፍ ያለው፣ ግራና ቀኝ እጅጌው ባሕር ውስጥ የገባ ደሴት። ከተሞቹ ከተቆረጡ ልብሶች የተረፉ ቁልፎች ናቸው፤ በትናንሽ ምስማር ተመትተዋል።

በሰሜን፣ አንገቱ ላይ፣ ኮሌታ የምትባል ከተማ አለች። የእህትየው ናት። የኮሌታ ሰዎች ቀጥ ብለው የሚሄዱ፣ ለማንም ጎንበስ የማይሉ፣ የወደቀባቸውን ነገር እንኳ የሚያነሳላቸው ሰው ቆመው የሚጠብቁ ናቸው። በደቡብ የወንድምየው ኪስ አለች፤ ወደብ ናት። የኪስ ሰዎች ያገኙትን ሁሉ ያስገባሉ እንጂ አያወጡም፤ በደሴቲቱ ላይ የጠፋ ነገር ሁሉ የሚፈለገው እዚያ ነው፤ ተገኝቶ ግን አያውቅም። በመሃል፣ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር፣ የቁልፍ ከተሞች ተደርድረዋል። ሁሉም ከአንድ ኮት የተነቀሉ ሆነው ሳለ እያንዳንዱ እኔ እበልጣለሁ ይላል፤ አንዷ ብቻ ቀለሟ ለየት ስለሚል ማንም ከእሷ ጋር አይጋባም። ጫፉ ላይ እግራቸው ከረግረግ ወጥቶ የማያውቅ ዓሣ አጥማጆች ይኖራሉ። ከመሬት በታች ደግሞ የገበር ሕዝብ አለ፤ ማንም አይቶት አያውቅም፤ የሁሉን ስፌት ከውስጥ ስለሚያይ ግን እሱን ማታለል አይቻልም። ወንድምየው ልጅ ሆኖ እህቱ ውሸት ስትነግረው፣ "ገበሮች እየሰሙሽ ነው" ይላት ነበር።

ከደሴቲቱ ባሻገር ላይኛው አለ። ላይኛው አባታቸው ነው። ካውያውን ሲያስቀምጥ ነጎድጓድ፣ መቀሱ ሲሮጥ ነፋስ ይሆናል። አንድ ቀን ታዲያ ላይኛው የሻይ ብርጭቆውን ደፋ። ሻዩ በሳንቃዎቹ መጋጠሚያ ሾልኮ አገሩን ወገቡ ላይ አግድም ከፈለው። ቡናማ ወንዝ ሆኖ ቀረ። ኪሶች፣ "ጎርፉን የላካችሁብን እናንተ ናችሁ" አሉ። ኮሌታዎች ደግሞ ይቅርታ ለመጠየቅ ጎንበስ ማለት ሊኖርባቸው ነው፤ አይሆንም። ጦርነት ተነሳ። ዕርቅ ሳይወርድ የወንድምየው ጉልበት ረዘመና ከጠረጴዛው ሥር አልገባ አለው።

"እንዲህ ትንሽ ነበረች?" አለ አሁን ሾፌሩ። በዕድሜው ስንት አገር ያቋረጠ ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ቀጭን ሆነ።

"ያኔ ከኪስ ኮሌታ ለመድረስ ከምሳ እስከ እራት ይፈጅብህ ነበር።"

"ባለሥልጣኖችሽ በር ላይ ስለሚያቆሙኝ ነዋ።"

ሳቀች። ከእሱ ጋር ከሳቀች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ራሷም ደነገጠች። ሁለቱም ተንበርክከው አቧራውን በእጃቸው ያብሱ ጀመር። እሷ ከሰሜን፣ እሱ ከደቡብ እያበሱ ወንዙ ላይ ተገናኙ። እዚያ ላይ ሾፌሩ እጁን አቆመ።

"ድልድይ ሠርተሻል።"

"የት?"

"ይኸው። መቼ ነው የሠራሽው?"

"እኔ? እኔ ከኪስ ሰው ጋር ድልድይ ልሠራ?" ብላ መነጽሯን አጠለቀች። ከወንዙ ማዶ ለማዶ አንድ ቢጫ ጥብጣብ ተዘርግቷል። ሁለቱም ጫፉ በትናንሽ ምስማር ተይዟል፤ ምስማሮቹ ላይ ክር ተጠምጥሞ፣ ሁለት ጊዜ ተቋጥሮ፣ ትርፉ በጥርስ ተቆርጧል። ያን ቋጠሮ ታውቀዋለች። የአባቷ ቋጠሮ ነው። ጥብጣቡ ላይ ደግሞ ቁጥር አለ፤ ከአንድ ይጀምርና አስር ላይ ያበቃል።

እጇ ወደ አንገቷ ሄደ። አንገቷ ላይ የአባቷ ሜትር ተንጠልጥሏል።

የዚህን ሜትር ጉድ የማያውቅ ደንበኛ አልነበረም። ወንድሟ ከሄደ በኋላ ነው፤ አንድ ቀን ጠዋት አባቷ ጫፉ የሌለ ሜትር አንገቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ሜትሩ የሚጀምረው ከአስር ነው። "ምን ሆነ?" ብትለው፣ "አርጅቶ ነው" አላት። አዲስ ገዝታ ሰጠችው፤ አመስግኖ ግድግዳው ላይ ሰቀለውና በአሮጌው ቀጠለ። ሰው ሲለካ አስር እየቀነሰ ነበር። አንዳንዴ ታዲያ መቀነሱን ይረሳዋል። የጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ የዘመድ ሠርግ ላይ የሚለብሰው ሱሪ መሬት ሲጠርግ፣ "ወንድሜ፣ ላድግበት ነው የሰፋህልኝ?" ብሎ ሰፈሩን አሳቀበት። እሷ ተናደደች። "ስስት ነው ይሄ" አለችው። አባቷ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጠመኔውን መሳል ያዘ።

አሁን ሜትሩን ከአንገቷ አወረደችና የተቆረጠውን ጫፍ ከድልድዩ ጫፍ አስጠጋች። መቀሱ ትንሽ ጠመም ብሎ ነበር የቆረጠው። ጠመም ያለው ከጠመመው ገጠመ፤ አስርም ከአስር ተገናኘ።

"ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንኳ ጉልበቴን የሚል ሰው" አለች። "እንዴት ብሎ ገባ ከዚህ ሥር?"

ወንድሟ አባቱን አንድም ቀን፣ "ከእህትህ ታረቅ" ሲለው አልሰማም። ሲመጣ ዚፑን ይቀይርለታል፣ ውኃ ያጠጣዋል፣ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ በመዳፉ መታ መታ ያደርግና ይሸኘዋል። ያኔ የሽማግሌ አመል መስሎት ነበር። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በመዳፉ ዓይኑን ጠራረገ። እህቱ ግን አልደበቀችም፤ እዚያው ተንበርክካ አለቀሰች።

አናጢው ጨዋ ሰው ነው፤ መጋዙን ሲሞርድ ቆይቶ መሞረዱ ሲያልቅበት ጉሮሮውን ጠረገ። "ምስማሩን ነቅዬ እዚህ ቡናማው ላይ ልቁረጠው? ልክ መሃሉ እሱ ነው።"

"ሜትር አይቆረጥም" አለች።

የሱቁ ሕግ ነው። በዚያ ሱቅ ሐርም ሱፍም ይቆረጣል፤ ሜትር አይቆረጥም። ሕጉን ያወጣው አባቷ ነው፤ የጣሰውም እሱ ብቻ ነው። ጠመኔ አንስታ ከድልድዩ በላይ አንድ መስመር፣ ከድልድዩ በታች ሌላ መስመር አሰመረች።

"ሁለት መስመር ለምን ሆነ?"

"በልኩ ላይ አይቆረጥም። ለስፌት የሚተርፍ ይተዋል።"

አናጢው ወደ ሾፌሩ ዞረ። "እንጨት ይሰፋል እንዴ?"

"እሷ ያለችህን ቁረጥ" አለው ሾፌሩ።

ተቆረጠ። የኮሌታ ግማሽ ከሦስት የቁልፍ ከተሞች ጋር ወደ እህትየው ልጅ ቤት ሊሄድ ከአንድ ወገን ቆመ፤ ልብስ ትተኩስበታለች። የኪስ ግማሽ ከረግረጉ ጋር ሾፌሩ ቤት ምግብ ሊበላበት ነው። የገበር ሕዝብ የትኛው ጋ እንደሄደ አልታወቀም። ሁለቱም ግማሽ ኮሪደሩን ታጥፎ ያለ ችግር ወጣ። መሃል ላይ ስንዝር የምትሰፋ ቁራጭ ሳንቃ ቀረች፤ በላይዋ ወንዝና ድልድይ።

ባዶው ሱቅ ውስጥ ድምፅ ያስተጋባል። ሾፌሩ ቁራጯን ብብቱ ሥር አድርጎ በሩ ላይ ቆመ።

"ይቺን አንቺ ያዣት፣ እትዬ። ሜትሩ አንቺ ጋ ነው ያለው።"

"አይ። አንተ ውሰዳት።"

"እኔ ምን አደርግባታለሁ?"

"ታስቀምጣታለህ። ግን ልብ በል፣ የሥራ ዕቃ ናት። ስፈልጋት ታመጣታለህ።"

"መቼ ነው የምትፈልጊያት?"

ልብስ ሰፊዋ ተረከዙ ሥር የተበላውን ሱሪ እንደገና አየች።

"የፊታችን እሑድ። ሱሪ የምለካው ሰው አለኝ።"

"ለአንድ ሱሪ ይቺን ተሸክሜ ልምጣ? እንደ አባባ አስር እየቀነስሽ ለኪያ።"

"መቀነስ ሰለቸኝ" አለችው።

ሾፌሩ ዝቅ ብሎ የሱሪውን ጫፍ አየ። ቀና ብሎ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሁለቱንም ግማሽ ጠረጴዛ ከኋላ ከጆንያዎቹ ጋር አስሮ፣ ቁራጯን ሳንቃ ግን ጋቢና ውስጥ ከጎኑ ወንበር ላይ አደረጋት። ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት የወንበሩን ቀበቶ ስቦ አሰራት።