ቀለበቱን የያዘው ሮቦት

ጓደኛዬ ዮአብ ሁለት እኅቶች አሉት። ሁለቱም ትንንሽ ልጆች ስላሏቸው፣ በሰርጉ ቀን ቀለበቱን የማን ልጅ ይያዝ በሚለው ሲጨቃጨቁ ሰነበቱ። በመጨረሻ ዮአብ መረረውና፣ «የማንም ልጅ አይይዝም! የአቢ ሮቦት ያመጣዋል» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሑድ ፓስተር ዘካርያስ ለምእመናኑ ሁሉ አስታወቁት።

ሮቦቱን የሠራሁት ኢስትሊ ሠፈር ስልክ በምጠግንበት ሱቅ፣ ከተሰባበሩ የልጆች መኪናዎች ነው። በብሉቱዝ ከላፕቶፔ ጋር ይገናኛል፤ የቀስት ቁልፎቹን ስጫን ይሄዳል። ፊቱ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ካለች አዛዡን እየፈለገ ነው፤ ረግታ ከበራች አግኝቷል። በአንድ ጊዜ የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

በሰርጉ ዕለት ሁርሊንግሃም በሚገኘው አዳራሽ ሙሽሮቹ መድረኩ ላይ ቆሙ። እኔ በሩ አጠገብ ቀለበቶቹን በሮቦቱ ጀርባ ካለው ትራስ ጋር አሰርሁና አበራሁት። መብራቷ ወዲያው ረጋች። ላፕቶፔ ግን መገናኘት አልቻለም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፤ ያው ነው።

«ሃራካ፣ ፈጠን በል እንጂ አቢ! ሰው እየጠበቀ ነው» አለችኝ እኅቴ ያኤል።

«ሌላ ሰው ይዞታል።»

«ማን?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። በልምምዱ ቀን የዮአብ ዘመዶች «እኔም ልሞክረው» ሲሉኝ እምቢ ማለት አፍሬ፣ መንጃውን አፕ በየስልካቸው ጭኜላቸው ነበር። አሁን ደግሞ አዳራሹ ሙሉ ስልክ አንሥቶ ይቀርጻል።

«ማይክ ይዘህ ጠይቃቸው።»

«አንቺ ጠይቂልኝ።»

«ሮቦቱ የእኔ ነው እንዴ?»

ሰው ፊት ስሜን መናገር እንኳ ያስጨንቀኛል። ሙሽራዋ ምርቃት ግን በቬሏ ውስጥ ሆና በሩን በሩን ታያለች። ማይኩን ተቀበልሁ።

«ይቅርታ… ሮቦቱን በስልካችሁ የሞከራችሁ… እባካችሁ አፑን ዝጉልኝ።»

ከፊት ወንበር የዮአብ እናት እትዬ የሺወርቅ ቦርሳቸውን ከፈቱ። «ወይ ጉዴ! እኔ ነኝ መሰለኝ!»

«እማዬ!» አለ ዮአብ ከመድረኩ።

«አንተ ዝም በል፤ ሙሽራ አይናገርም!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። እትዬ ሊዘጉት ሲነካኩ ሮቦቱ ተፈተለከና አንድ አግዳሚ ወንበር ሥር ገብቶ ተሸጎጠ።

«ኧረ ልጄ፣ ቀለበቱን ይዞ ጠፋ! ተቀበይኝ!» እያሉ ስልኩን ሮጣ ለደረሰችው ለያኤል ወረወሩላት። እሷም ዘጋችው።

ከወንበሩ ሥር መብራቷ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ላፕቶፑን ነካሁት፤ ረጋች። ተገናኘ!

ሮቦቱን ወደ ኋላ አወጣሁትና መንገዱን አስያዝሁት። እትዬ የሺወርቅ እልልታውን አቀለጡት፤ ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏቸው። ሮቦቱ በእልልታው መሐል ቀስ ብሎ ሄዶ መድረኩ ሥር ቆመ። ምርቃት ጎንበስ ብላ ቀለበቶቹን ስትፈታ፣ ማይኩ እጄ ላይ መሆኑን ረስቼ፣ «ደረሰ!» ብዬ ጮኽሁ። «አሜን!» አለ አዳራሹ።