እማዬን ወደ ቤት የላከው ማን ነው?

እናታቸው ካረፈች ወዲህ ነርሷና ወንድሟ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ወደውም አይደለም፤ ነርሷ የምትሠራበት ሆስፒታል አዳራሹ ውስጥ ወንበር ያዘጋጀላቸው እንዲያ ነው። ኃላፊዎቹ የተሰበሰቡት የሞቷ ምክንያት ዘረኝነት ነው አይደለም ብለው ሊወስኑ ነው። ሰው ከተቀበረ በኋላ የቃል ትርጉም ፍለጋ ምን ይሉታል!

ወንድሟን ቤተሰቡ «ጠበቃ» የሚለው ሕግ ተምሮ አይደለም፤ የታሪክ መምህር ነው። በልጅነቱ ተኛ ሲሉት «መተኛት ማለት ምን ማለት ነው?» እያለ የእናቱን ልብ ሲያደርቅ አድጎ ነው። እናታቸው በሳቅ እየፈረሰች ትሸነፍለት ነበር።

«ዘረኝነት ሰውን በቆዳው መጥላት ነው» አሉ ዳይሬክተሩ፤ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ ነጭ ሽማግሌ ናቸው። «እዚህ ቤት ማን ማንን ጠላ?»

«ጥላቻ አያስፈልገውም፤ ሥልጣን ይበቃዋል» አለ ጠበቃ። «ያ ጣት ላይ የምትቆነጥጡት መለኪያ ጥቁር ቆዳ ላይ የደሙን ኦክስጅን ከእውነተኛው ልኩ ከፍ አድርጎ እንደሚያሳይ ካወቃችሁ ከራርማችኋል። አውቃችሁም ከዘጠና ሁለት በላይ ያሳየለትን በሽተኛ ሁሉ ወደ ቤት ላኩ የሚል መመሪያ አወጣችሁ። ጎረቤቴ ቢጠላኝ በሩን ይዘጋብኛል፣ እኔም ፊቴን አዞርበታለሁ። እናንተ ስትሳሳቱ ግን እኛ እንቀበራለን።»

ነርሷ አንገቷን ደፋች። ወንድሟ እውነቱን ነው።

«መመሪያው ለሁሉም እኩል ነው» አሉ ዳይሬክተሩ። «ደግሞስ ያን ዕለት ድንገተኛ ክፍል ተረኛዋ ማን ነበረች? እናታችሁን አይታ ወደ ቤት የላከቻቸው ሲስተር ይችው አጠገብህ ተቀምጣለች። የገዛ ልጃቸው! እሷም ጥቁር ናት። ልጅ በእናቷ ላይ ዘረኛ ትሆናለች እንዴ?»

ከሐዘን ቤት አንስተው ለምን እንዳመጧት ያኔ ገባት፤ ጋሻ ሊያደርጓት ኖሯል። ለቅሶ ላይ ለወንድሟ «እማዬ ደህና ነኝ ብላኝ ነው የሄደችው» ብላው ነበር። ያንኑ ብትደግመው ሥራዋም ይተርፋል፣ ወንድሟም ይተርፍላታል። መለኪያው ግን ነገ የሌላ ሰው እናት ጣት ላይ ይቆነጠጣል።

ተነሳች።

«ደህና ነኝ አላለችኝም። ትንፋሽ አጠረኝ ነው ያለችኝ። ጣቷ ላይ ያለው ማሽን ዘጠና አራት አለ፤ እኔም እናቴን ትቼ ማሽኑን አመንኩ። ነጭ ብትሆን ኖሮ ማሽኑ እውነቱን ይነግረኝ ነበር። አልጠላኋትም፤ ከነፍሴ አብልጬ ነው የምወዳት። ግን ያን ዕለት እጄ የእናንተ እጅ ነበር።»

ጠበቃ ዞር ብሎ አያት። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያዘኑ መሰሉ፣ ምናልባትም አዝነዋል።

«ሲስተር፣ ጥፋትሽን ስላመንሽ እናመሰግናለን» አሉ። «እንግዲህ ግልጽ ነው፤ የአንድ ባለሙያ ስህተት ነው። መመሪያውን የሚመለከት ነገር የለም።»

ጠበቃ እየጮኸ ብድግ አለ። የተሰበሰበው ሰው ግን ወንበሩን እየገፋ መውጣት ጀምሮ ነበር፤ የሚሰማውም አልተገኘ።

ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። በሽተኞች በአልጋ እየተገፉ ያልፋሉ፤ ሁለቱ ግድግዳው ሥር ቆሙ።

«እታለም» አለ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ብሎ አልጠራትም። «ትንፋሽ እያጠራት እንዴት እሺ ብላ ሄደች? እማዬ እኮ እሺ የምትል ሰው አልነበረችም።»

ነርሷ ልትመልስ ብላ እንባዋ ቀደማት።

«ሂጂ ስላት ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ‹አንቺ ካልሽማ እሺ፣ ልጄ› አለችኝ። ጫማዋን አጎንብሳ ስታጠልቅ እኔ ሌላ በሽተኛ እየጠራሁ ነበር።» በመዳፏ ፊቷን ጠረገች። «እማዬ ማሽኑን እኮ አታውቀውም። ያመነችው እኔን ነው።»